ዳርጂሊንግን በሰዓቷ መጎብኘት፦ በሂማላያ ግርጌ ወዳለችው የደጋ ከተማ ለሚሄድ መንገደኛ

ዳርጂሊንግ በምሥራቅ ሕንድ፣ በምዕራብ ቤንጋል ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኔፓልን በጎን ሲኪምን በራስጌ አድርጋ በአንድ ጠባብ ሸንተረር ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካልካታን ወበቅ እየሸሹ የሚያርፉባት ቦታ አድርገው አስፋፏት፤ ዛሬ ደግሞ ሕንዳውያን ራሳቸው ቆላው ሲነድ ቤተሰባቸውን ይዘው ይጎርፉባታል። ለእንግዳ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ የቦታዎች ዝርዝር ነው፤ እዚህ ከተማ ግን ከቦታው ሰዓቱ ይቀድማል። ሰው ሁሉ ሊያየው የሚመጣው የካንቼንጁንጋ ተራራ፣ በ8,586 ሜትር ከፍታው ከዓለም ሦስተኛ የሆነው፣ ጎህ ሲቀድ ጥርት ብሎ ይቆምና ረፋዱ ላይ ከሸለቆው የሚነሳው ደመና ሸፍኖት ይውላል። ስለዚህ ጠዋቱን ለተራራው፣ ደመናው ከመጣ በኋላ ያለውን ጊዜ ለከተማው መድቡ፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ካላደሩ ደግሞ ተራራውን ሳያዩ ሊመለሱ ይችላሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወቅትን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የሚመች ነገር አለ፤ የዳርጂሊንግ ክረምት ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማል። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም መገባደጃ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ናዳ መንገድ ይዘጋል፣ ተራራው ለሳምንታት ላይታይ ይችላል። ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ ለተራራ እይታ ከዚህ የሚሻል ጊዜ የለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት አበባው ያምራል፣ የሻይ ለቀማውም ይጀመራል፤ ነገር ግን አየሩ በጭጋግ ስለሚደበዝዝ ተራራው የሚታየው እንደ ዕድል ነው። ጥርና የካቲት ብርዱ ቢጠነክርም ሰው ስለሚቀንስ ጸጥታ ለሚወድ ይመቻሉ።

ጉዞው ከአዲስ አበባ ሲነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዴልሂም ሆነ ወደ ሙምባይ በቀጥታ ስለሚበር፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ባግዶግራ መቀጠል ነው። ከቪዛው ጋር እኩል ሊታሰብበት የሚገባው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ይህን ካርድ እንዲያሳይ ታስገድዳለች፣ ክትባቱም ከመድረስዎ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ አስረክቦ ኢሚግሬሽን ላይ ባዶ እጅ መቆም የተለመደ ስህተት ስለሆነ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙት። ከባግዶግራ ወደ ዳርጂሊንግ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ኮንትራት ታክሲ ከአውሮፕላን ማረፊያው ይገኛል፤ በርካሽ ለመሄድ የሚፈልግ ደግሞ ሲሊጉሪ ከተማ ገብቶ ሰው ሲሞላ በሚነሳ ጂፕ ይሳፈራል። መኪና የሚያዞረው ሰው የፊተኛውን ወንበር ቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከመንገዱ ይልቅ ሆዱን ሲያዳምጥ ነው የሚወጣው።

ስለ ሰዓት አቆጣጠር አንድ ማሳሰቢያ። የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ አገሪቱም በሙሉ አንድ ሰዓት ስለምትጠቀም በምሥራቅ ያለችው ዳርጂሊንግ ቶሎ ይነጋባታል፣ ቶሎም ይመሽባታል። በታኅሣሥ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ሾፌሮች የሚናገሩት ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ሾፌር «ሦስት ተኩል» ብሎኝ፣ እኔ በሐበሻ ቆጥሬ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል መስሎኝ ተኝቼ፣ የዚያን ቀን ፀሐይ መውጫዋን ያየሁት በሆቴሉ መስኮት ነው፤ ሰውየው የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር።

ከፍታው ለአዲስ አበባ ሰው አያስፈራም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,050 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ብርዷ ግን ሌላ ነው፤ እርጥበት ያለው፣ ቤት ውስጥ ገብቶ የሚያድር ብርድ ነው፣ አብዛኞቹ ሆቴሎችም ማሞቂያ የላቸውም። ክፍል ሲይዙ ሙቅ ውኃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ በኪራይ ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ። ጋቢ ይዞ የሄደ ሰው አይጸጸትም፤ አልጋ ላይም ይሆናል፣ ፀሐይ መውጫ ለማየት በሌሊት ሲወጡም ይሆናል።

ፀሐይ መውጫ የሚታይበት ስመ ጥሩ ቦታ ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው፣ ወደ 2,590 ሜትር ከፍታ ያለው ታይገር ሂል ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከሆቴል ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት፣ በግንቦት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። መኪናው የሚያዘው ከዋዜማው ነው፤ ሆኖም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ውጭ ወጥተው ሰማዩን ይመልከቱ። ከዋክብት በብዛት ከታዩ ይሂዱ፤ ካልታዩ ቀኑን ቢቀይሩት ይሻላል፣ ምክንያቱም ጉም ውስጥ ከብዙ መቶ ሰው ጋር ቆሞ የሚነጋ ሰማይ መጠበቅ ከብርድ በቀር የሚያተርፈው የለም። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የፀሐይዋን መውጣት ይጠብቃል። እርስዎ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ወደ ሰሜን ይመልከቱ። ፀሐይዋ ለቆመበት ሰው ከመታየቷ ደቂቃዎች አስቀድሞ የካንቼንጁንጋ ጫፍ ብቻውን ጽጌረዳ ይመስላል፣ ከዚያ ቀለሙ እየወረደ ወርቃማ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ተራራው በሙሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። አየሩ እጅግ ከጠራ በስተምዕራብ ርቀው ሦስት ትንንሽ ጫፎች ይታያሉ። ከሦስቱ ትልቁ የሚመስለው በቀኝ ያለው ማካሉ ነው፣ ኤቨረስት ግን መካከለኛው ነው፤ ከዚህ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከቀረቡት ጎረቤቶቹ ያነሰ ይመስላል። ብዙ ሰው ማካሉን ፎቶ አንሥቶ «ኤቨረስትን አየሁ» እያለ ይወርዳል።

ታይገር ሂል ግን ግዴታ አይደለም። እኔ እንዲያውም የምመርጠው ያለ መኪና የሚደረሰውን የኦብዘርቫቶሪ ኮረብታ ዙሪያ መንገድ ነው። የከተማዋ ሰዎች ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡበት፣ ልጆች በፈረስ የሚጋልቡበት ቾውራስታ የሚባል አደባባይ አለ፤ መኪና አይገባበትም፣ መካከሉ ላይም ራማያና የተባለውን የሂንዱዎች ጥንታዊ የግጥም ድርሳን ወደ ኔፓልኛ የተረጎመው የባኑባክታ አቻርያ ሐውልት ቆሟል። ከአደባባዩ በስተግራም ሆነ በስተቀኝ የሚነሳው መንገድ ኮረብታውን ዞሮ እዚያው ስለሚመልስ አያጠፋም። በሰሜን በኩል ሲደርሱ ካንቼንጁንጋ ከአግዳሚ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ነው፤ አዛውንቶች መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ በማለዳ ይዞሩታል። እኔ በሄድኩበት ሁሉ የማላውቃቸው እናቶች እንደ ጎረቤት ሰላምታ የሰጡኝ እዚህ ነው።

ኮረብታው አናት ላይ ያለው የማሃካል ቤተ መቅደስ ለብቻው ጊዜ ይገባዋል። የከተማዋ ስም የመጣው በአንድ ወቅት እዚህ ከነበረው ዶርጄ ሊንግ ከተባለ የቡድሂስቶች ገዳም ነው፤ ትርጓሜውም የመብረቅ ስፍራ ማለት ነው። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ የሂንዱው ካህንና የቡድሃው መነኩሴ ጎን ለጎን ያገለግላሉ፣ አማኙም ደወሉን መትቶ ሁለቱንም ተሳልሞ ይወጣል። ጫማ ማውለቅ ግድ ነው፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ወለሉ ግን በጠዋት እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ። በዳገቱ ላይ ያሉት ዝንጀሮዎች ሙዝም ሆነ ፌስታል በእጅ የያዘ ሰው ካዩ አይምሩም።

ከረፋዱ በኋላ ደመናው ሲገባ የባቡሩ ጊዜ ነው። የዳርጂሊንግ ሂማላያ ባቡር ግንባታው በ1879 ተጀምሮ በ1881 ከተማዋ ደረሰ፤ ዩኔስኮም በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ማለትም ከአንድ ክንድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ቀድሞ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይሄድ የነበረው ባቡር ሐዲድ እንኳን አንድ ሜትር ነበር። ለዚህም ነው ሰዉ «ቶይ ትሬን»፣ የመጫወቻ ባቡር፣ የሚለው። ዳገቱን የሚወጣው ጥርስ ባለው ሐዲድ ሳይታገዝ ነው፤ አንዳንድ ቦታ በራሱ ላይ እየዞረ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ወደፊት ሄዶ፣ ወደኋላ ተመልሶ፣ እንደገና ወደፊት እየሄደ ከፍታ ይሰርቃል። ከታች ከኒው ጃልፓይጉሪ እስከ ዳርጂሊንግ ያለውን 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሙሉ በዚህ ባቡር መውጣት ይቻላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ስለሚፈጅ ለባቡር ወዳድ ካልሆነ አልመክረውም። ለአብዛኛው ሰው የሚበቃው ከዳርጂሊንግ ጉም የምትባል ጣቢያ ደርሶ የሚመለሰው የሁለት ሰዓት ያህል ሽርሽር ነው።

ሽርሽሩ በናፍጣም በእንፋሎትም በሚሠራ ሞተር ይካሄዳል፤ ዋጋው ከፍ ቢልም የእንፋሎቱን ይምረጡ። ከመነሳቱ በፊት ወደ ሞተሩ ቀርበው ይመልከቱ። ከኋላ ያለው ሰው ከሰሉን በመዶሻ እየሰበረ ለእሳት አቀባዩ ያቀብላል፣ ከፊት ደግሞ ሁለት ሰዎች በሞተሩ ግንባር ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሐዲዱ ሲረጥብ መንኮራኩሩ እንዳይንሸራተት አሸዋ በእጃቸው ይበትናሉ። ባቡሩ ከሱቆች በር ሥር እየታከከ ሲያልፍ የተሰቀለ ሸቀጥ በመስኮት እጅ ዘርግቶ መንካት ይቻላል። ነጭ ልብስ ለብሰው አይሳፈሩ፤ ጥላሸቱ እስከ አንገት ይገባል። ወረፋው በበዓላት ሰሞን ስለሚበዛ ትኬቱን በሕንድ ምድር ባቡር ድረ ገጽ ቀናት አስቀድሞ መግዛት ይሻላል። በመንገድ ላይ ባቡሩ ባታሲያ ሉፕ የሚባለው፣ በ1919 የተከፈተው መዞሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ በመካከሉ ለተሰዉ የጎርካ ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ አለ። ጉም ጣቢያ 2,258 ሜትር ላይ ያለ፣ በሕንድ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ሲሆን፣ ትንሽ ሙዚየምም አለው።

ጉም ከደረሱ ላይቀር፣ ሌላ ቀን በመኪና ተመልሰው ዪጋ ቾሊንግ የተባለውን ገዳም ይሳለሙ። በ1850 የተመሠረተ ሲሆን፣ ውስጡ ወደፊት ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ቡድሃ፣ ማይትሬያ፣ አራት ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያለው ሐውልት አለው። በዋናው መንገድ ዳር ሌላ ሰፋ ያለ ገዳም ስላለ ሾፌሮች እዚያ አውርደው «ይኸው ነው» ይላሉ፤ አሮጌው ከመንገዱ ገባ ብሎ ስለሚገኝ በስሙ ይጠይቁ። የጸሎት መሽከርከሪያዎቹን በቀኝ እጅ፣ ወደ ቀኝ እየዞሩ ማሽከርከር ወጉ ነው።

ለሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ፓርኩንና የተራራ መውጣት ማሠልጠኛውን ይያዙ። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ አንድ ጊዜ መግባት ይበቃል፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን ዝግ ነው። ፓርኩ በ1958 የተከፈተ ሲሆን የተሰየመው በምዕራብ ቤንጋል አገረ ገዥ በነበሩት በፓድማጃ ናይዱ ነው። አንበሳና ዝሆን ለማየት ከሆነ አይድከሙ፤ ፓርኩ የደጋ እንስሳት ነው። ቀይ ፓንዳ፣ የበረዶ ነብርና የቲቤት ተኩላ እዚህ ይራባሉ፣ በ2003 ደግሞ ሁለት እንስት ቀይ ፓንዳዎች ከዚህ ተወስደው በሲንጋሊላ ጫካ ተለቀዋል። ቀይ ፓንዳ በእኩለ ቀን ቅርንጫፍ ላይ ጭራውን እንደ ሻሽ ጠምጥሞ ስለሚተኛ፣ የሚመገብበትን ሰዓት ጠባቂዎቹን ጠይቀው ቢመለሱ ሲንቀሳቀስ ያዩታል። ማሠልጠኛው፣ ሂማላያን ማውንቴኒሪንግ ኢንስቲትዩት፣ የተቋቋመው በ1954፣ ቴንዚንግ ኖርጌይና ኤድመንድ ሂላሪ ኤቨረስትን በረገጡ በዓመቱ ነው። ቴንዚንግ የመስክ ሥልጠናው የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ ለዓመታት እዚሁ አገልግሏል፣ በ1986 ያረፈውም በዚችው ከተማ ነው፤ ሐውልቱ ከግቢው ውስጥ ነው። በሙዚየሙ ያሉትን የዚያን ዘመን ጫማና ልብስ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ሆቴሉ በረደኝ ብሎ ማማረሩን ይተዋል።

ሻዩን ሳያዩ መመለስ የለም። ከከተማው በእግር ቁልቁል የሚደረሰው ሃፒ ቫሊ ከአሮጌዎቹ እርሻዎች አንዱ ነው፤ ቁልቁለቱ ሲመለሱ ዳገት እንደሚሆን አይርሱ። ከመጋቢት እስከ ኅዳር መጀመሪያ ከሄዱ ፋብሪካው ሲሠራ ያያሉ፤ ብርዱ ሲገባ ቁጥቋጦው ስለሚያንቀላፋ የሚታየው የቆመ ማሽን ነው። ሴቶቹ በግንባራቸው በታሰረ ቅርጫት ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እየቀጠፉ ይለቅማሉ። ቅጠሉ ሌሊቱን ነፋስ በሚነፍስበት ወንፊት ላይ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ይታሻል፣ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እስኪጠቁር ተዘርግቶ ይቆያል፣ በመጨረሻ ይደርቃል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ከአራት ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ይበላል። የፀደዩ የመጀመሪያ ለቀማ ፈዛዛና የአበባ መዓዛ ያለው፣ የግንቦትና የሰኔው ሁለተኛ ለቀማ ደግሞ ጠቆር ያለና ሞላ ያለ ጣዕም ያለው ነው። ቅርንፉድና ቀረፋ የለመደ አፍ በመጀመሪያው ሊከፋ ስለሚችል ከሁለተኛው መጀመር ይሻላል። ያም ሆነ ይህ ቅመም አይገባበትም፤ ውኃው ከፍላቱ ትንሽ በረድ ብሎ ሦስት ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ ያለ ወተት መጠጣት ነው። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ቅጠል የያዘች ሴት የጎን ምስል ያለበትን የሕንድ ሻይ ቦርድ ምልክት ይፈልጉ፤ በመንገድ ዳር በጆንያ የሚዘገነው «ዳርጂሊንግ» አብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ጊዜ ከተረፈ በ1959 የተመሠረተውን የቲቤት ስደተኞች የእደ ጥበብ ማዕከል ይጎብኙ፤ አሮጊቶች ሱፍ ሲፈትሉና ምንጣፍ ሲሠሩ ማየት የአገር ቤትን እንዝርት ያስታውሳል። ጃፓናውያን መነኮሳት የሠሩት የሰላም ፓጎዳም ለጸጥታው ይታያል። በሻይ እርሻው ላይ የሚንሳፈፈው የገመድ መጓጓዣ ሰልፉ አጭር ከሆነ ጥሩ ነው። ሾፌሮች አጥብቀው የሚጋብዙት ሮክ ጋርደን ግን በፏፏቴ ዙሪያ በሲሚንቶ የተሠራ መናፈሻ ስለሆነ፣ ያን ግማሽ ቀን ለቾውራስታ ቢሰጡት ይሻላል።

ምግቡ የኔፓልና የቲቤት ነው። ሞሞ የሚባለው በእንፋሎት የበሰለ የዱቄት ጥቅልና ቱክፓ የሚባለው የፓስታ ሾርባ ለብርዱ መድኃኒት ናቸው። በጾም ወራት ለሚሄድ ሰው አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሕንድ ውስጥ «ቬጅ» የሚለው ምልክት ሥጋ የለውም ለማለት እንጂ ወተትና ቅቤ የለውም ለማለት አይደለም። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት ቅቤ፣ ወተትና አይብ እንዳይገባበት በግልጽ ይንገሩ፤ ሩዝና ምስር በዘይት ተሠርቶ በየቤቱ ይገኛል።

ተጨማሪ ሦስትና አራት ቀን ያለው ብርቱ ተጓዥ ከማኔባንጃንግ ተነሥቶ ወደ ሳንዳክፉ ይውጣ። 3,636 ሜትር ላይ ያለው ይህ ስፍራ ከምዕራብ ቤንጋል ከፍተኛው ሲሆን፣ ኤቨረስት፣ ካንቼንጁንጋ፣ ሎትሴና ማካሉ ከአንድ ቦታ ይታዩበታል፤ የካንቼንጁንጋ ተራሮችም በአንድነት በጀርባው የተኛ ሰው ስለሚመስሉ «የተኛው ቡድሃ» ይባላሉ። በእግር መሄድ የማይችል በጂፕ ይወጣል፣ መንገዱ ግን አጥንት ያላላል። አስጎብኚ መያዝና ፓስፖርት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከፍታው የአዲስ አበባን ሰውም ይፈትነዋልና በመጀመሪያው ቀን አይሩጡ።

ለመመለሻው ቀን ከዳርጂሊንግ ሲነሱ በረራው ከሚነሳበት ሰዓት ቢያንስ ስድስት ሰዓት አስቀድመው መንገድ ይግቡ። የቁልቁለቱ መንገድ ካርታው ላይ ሦስት ሰዓት ቢልም፣ ጉም ጣቢያ አካባቢ ባቡሩ መንገዱን ሲያቋርጥ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጭጋግ ከወረደም ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየዳኸ ነው የሚሄደው። ማልደው ከወጡ ደግሞ ሸንተረሩን እስኪለቁ ድረስ ካንቼንጁንጋ በኋላ መስኮት ይታያልና ከኋላው ወንበር ይቀመጡ።